በብዕር ሾው የቆሙ ሽማግሌዎች

ልጄን የጠየቀውን ሰው እምቢ አላልኩም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው እዚህ አሜሪካ የእኛ ሰው በሚሰባሰብበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ሌላ ወሬ ስለተወራ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌዎቹን መልሻቸዋለሁ፤ ሽማግሌ መመለስ ግን ወግ ነው፣ እምቢታ አይደለም። በዚያ ወግ ምክንያት ልጄ የምትወደውን ሰው ልታጣ ምንም አልቀራትም ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብዙ አስቤበት አላገኘሁትም። እንደሆነው ልጻፈው፤ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በብዕር ሾው ላይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቀለም ብዕር የሚሸጡ፣ የሚጠግኑ፣ የሚለዋወጡና እንዲሁ ለማየት የሚመጡ ሰዎች ይሰበሰባሉ። እስክሪብቶ ማለቴ አይደለም፤ ከብልቃጥ ቀለም የሚሞላውን ብዕር ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዳውንታውን ባለ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የሠራሁት። ከትምህርት ቤት የተለየሁት በልጅነቴ ነው። የማውቀውን ያወቅሁት በጋራዡ መግቢያ ባለችው የመስታወት ቤት ተቀምጬ፣ መኪና እስኪመጣ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ቃል በብዕር እየገለበጥኩ ነው። እስክሪብቶ ሰውን ያስቸኩላል፤ ብዕር ግን ከቸኮሉበት ቀለሙን ይተፋል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የሚለውን ለልጄ ያስተማርኳት በዚሁ በብዕር ነው። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ስጽፍ አይቶ ስለ ሾው ነገረኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም። ልጄ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ጀምሮ የምትወስደኝ እሷ ናት፤ አንዳንዴም ወደ ሰሜን ረጅም መንገድ ድራይቭ አድርጋ የሌላ ከተማ ሾው ታደርሰኛለች። እኔ አዳራሹን ስዞር እሷ አንድ ጥግ ይዛ ስልኳን ታያለች።

እውነቱን ለመናገር እዚያ ከማየው ነገር ግማሹ አይገባኝም። እኔ ያደግሁት ቀለም የቀመሰ ሰው ይከበራል እየተባልኩ ነው፤ እዚያ ግን ይበልጥ የሚከበረው ቀለም ያልቀመሰው ብዕር ነው። ከእኔ ዕድሜ በላይ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ አንዲት ፊደል ያልጻፈ ብዕር ሲገኝ ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ይከበዋል። አንዱን ወጣት፣ "ይህን ሁሉ ብዕር ይዘህ ምን ትጽፋለህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የቀለሙን ስም" አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ደብተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ከዳር እስከ ዳር፣ በየቀለሙ፣ የየቀለሙ ስም ተጽፎበታል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

"ለእናትህ ጻፍበት" አልኩት።

"እናቴ ቴክስት ነው የምታነበው" አለኝ። ምን ይባላል? ብዕሩን አመስግኜ አለፍኩ።

እንዲህም ሆኖ ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ። የሰው ብዕር ከማንሳታቸው በፊት "ላንሳው?" ብለው ይጠይቃሉ። ብዕሩን መሞከሪያ ወረቀት ላይ ሲጽፉ ጫፉን አይጫኑትም። ያልታዘዙትን የማይነኩ ሰዎች በዚህ ከተማ ጥቂት ናቸው።

በአዳራሹ መጨረሻ ላይ የብዕር ጫፍ የሚሞርዱ ነጭ አዛውንት አሉ። ከሌላ ስቴት ነው የሚመጡት። ዓይናቸው ላይ ማጉያ ያደርጉና የብዕሩን ጫፍ እንደየሰዉ እጅ ያስተካክሉታል። የእኔን ብዕሮች የሞረዱት እሳቸው ናቸው፤ የእኛ ፊደል ቁሙ ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሲሆን እንደሚያምር ካሳየኋቸው ቀን ጀምሮ አይረሱትም። ከአጠገባቸው ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ይቀመጣሉ፤ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የክሬንሾው ሰፈር ሰው ናቸው፣ ሲስቁ ድምፃቸው አዳራሹን ሁሉ ይሞላዋል። ሦስተኛዋ ቀለም የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የእነዚህን ሦስት ሰዎች ምክር እሰማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ግን በየስብሰባው ስከራከር ስለኖርኩ ከሰላምታ ሌላ አልተረፈንም። ይህን የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ልጄ ነርስ ናት። እዚያው ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ወጣት እንዳለ እናቷ ነግራኛለች፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሰምቻለሁ። ክሬንሾው ተወልዶ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ከእሷ ጋር ሾው መጥቶ ከሦስቱ ሰዎች ጋር ሲያወራ ቆይቷል። ፌርፋክስ ምግብ ቤት ውስጥም ሲበላ አይቼዋለሁ፤ እጁን ታጥቦ፣ በቀኙ፣ ከፊት ለፊቱ ብቻ እየቆረሰ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ጫማውን አውልቆ ከኋላ ሲቆም አይቻለሁ። ክፉ ነገር አጣሁበት። ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሆቴሉ በር ላይ አወረደችኝና "አንተ ግባ፣ እኔ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ" አለች። ገባሁ። አንዱን ብዕሬን ላስሞርድ በቀጥታ ወደ አዛውንቱ ጠረጴዛ ሄድኩ። ሦስቱም ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተሰልፈው ቆመዋል። አዛውንቱ ከራቫት አስረዋል። ከራቫት አስረው አይቻቸው አላውቅም።

"ሰው ሞተ እንዴ?" አልኩ።

"የለም፣ ሁሉም ደህና ነው" አሉ አዛውንቱ።

"ታዲያ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም።"

"እርስዎስ? ያን ጉልበት ይዘው?" አልኳቸው አሮጊቷን፤ ወንበርም ሳብኩላቸው።

ወንበሩን በናፍቆት አዩት። "አልቀመጥም" አሉ። "መጀመሪያ እንንገርህ።"

የአገሬ ሰው ይህን ሲያነብ ያኔ ለእኔ ያልገባኝ ነገር ወዲያው ይገባዋል። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ግን በሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ በቀለም ብልቃጥ መካከል፣ ፈረንጅ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣብኛል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ብዕር የጠፋ መሰለኝ። እኔን የጠረጠሩኝ ሁሉ መሰለኝ፤ ኪሴን ዳበስኩ።

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሴት ልጅህን ለማግባት የሚፈልገው ልጅ ልኮናል" አሉ። "አባቷ የሚያከብራቸውን ሰዎች መላክ አለብህ ተብሏል። እኛን ላከ። መልካም ልጅ ነው። ፈቃድህን እንለምንሃለን።"

አሮጊቷ ትንሽ ጎንበስ አሉ። ፖስተኛው ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

ሽማግሌ ቤት ነው የሚመጣው እንጂ ገበያ ላይ ይጠብቃል? እናቷ በሌለችበት? ደግሞስ ሴት ሽማግሌ? በሌላ በኩል ግን ሦስት ሆነው መጥተዋል፤ ቆመው ለምነዋል፤ አንዷ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ወንበር አልፈልግም ብለዋል። ስህተቱና ትክክሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ሰው ግራ ሲገባው የሚያውቀውን ነው የሚይዘው። እኔም የሚስቴ አባት የእኔን ሽማግሌዎች የመለሱበትን ቃል ያዝኩ።

"ልጄ ገና ልጅ ናት" አልኩ። "ትምህርቷንም አልጨረሰችም። የልጁን ወገኖች አናውቅም። አይሆንም።"

ከዚህ በኋላ ሽማግሌ "እንግዲያው እንመለሳለን" ይላል። የልጅቷ አባትም አይከለክልም። እንደዚህ ነው የሚሄደው። እኔ "እንመለሳለን" እስኪሉኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ገባን" አሉ አዛውንቱ። "ስላዳመጥከን እናመሰግናለን።"

"እኔ ነርስ መስላኝ ነበር" አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው፤ ዓይናቸው ረጥቧል።

ከዚያ ሦስቱም ሄደው በየቦታቸው ተቀመጡ። እኔ ሳላስቀምጣቸው ተቀመጡ! ይህ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፈረንጅ ቸኩሎ ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም አንደኛው ዙር በሥርዓት አለፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ብልቃጥ ሳይ ዋልኩ። ልጄ ወደ አዳራሹ አልመጣችም። ስልክ ብደውል አላነሳችም። አውቶቡስ ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ልጄ ሳሎኑ መሐል ቆማለች። እናቷ አገጯን ይዛ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች።

"ለምን?" አለችኝ ልጄ።

"ምን ለምን?"

"ኖ አልካቸው!"

"ታዲያ መጀመሪያ ቀን እሺ ይባላል? ልጄ ከብዳኝ ነበር፣ እንኳን መጣችሁ ልበል?"

"'ትምህርቷን አልጨረሰችም' ብለሃል!"

"የሚባለው ነው።"

"አባዬ! ምረቃዬ ላይ አልቅሰሃል እኮ!"

እናቷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም። "አይ አንተ ሰውዬ" አለች። "ፈረንጅ እኮ ከመለሱት ሄደ ነው። መች ደጅ ይጠናል?"

"የአንቺ አባት እኔን ስንቴ አስጠኑኝ?"

"አባቴ ሲመልስህ እኔ እህቴን ልኬ 'እንዳትቀር' አስባልኩህ። ለዚህ ልጅ ማን ላከበት?"

"እሷ ትላክበታ!" አልኩ።

"ስልኩን አያነሳም" አለች ልጄ። "አንድ ቴክስት ብቻ ነው የጻፈልኝ። 'አባትሽ አይሆንም ካሉ አባትና ልጅ አላጣላም፤ አያቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም' ነው የሚለው። ኦቨር ነው፣ አባዬ። አለቀ።"

ይህን ስሰማ ልጁን ይበልጥ ወደድኩት፤ ይበልጥም ግራ ገባኝ። ቃሌን በማክበሩ ልጄን ሊተዋት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የወጣት ልጅ መጥፎነት የአባትን ቃል አለማክበር ነው እያልኩ ስሰብክ ኖሬ፣ የሚያከብር ቢመጣ በማክበሩ አጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም።

"ደውልለት" አለች ሚስቴ።

"እኔ? የልጅቷ አባት? 'ና ውሰዳት' ልበል?"

"እሱ ምን ይላል መሰለህ?"

"እሱማ ደስ ይለዋል። ነገ ከነገ ወዲያ ግን ጥል ቢመጣ 'አባትሽ ደውሎ ነው የሰጠኝ' ይላታል። ልጄን ለዚህ ቃል አልዳርጋትም።" ይህን ያልኩት በኩራት አልነበረም። ወይም በኩራት ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቅሁ። "ለመሆኑ ለምን እነሱን ላከ? አጎት የለሽም? ቤተ ክርስቲያን ሰው የለም?"

ልጄ ዓይኗን ጠረገች። "አባትሽ የሚሰማው ማንን ነው ብሎ ጠየቀኝ" አለች። "አሰብኩ፣ አሰብኩ። ብዕር ከያዘ ሰው ሌላ ማንንም አጣሁ።"

ሚስቴም በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

ሾው የሚያበቃው በማግስቱ እሑድ ነው። አዛውንቱ ከዚያ ወደ ስቴታቸው ይሄዳሉ፤ ሦስቱ እንደገና የሚገናኙት በዓመቱ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ካልተመለሱ አይመለሱም። ልጁም ዓመት አይጠብቅም፤ ልጄም ይቅር አትለኝም።

ከቅዳሴ እንደወጣን ልጄ ወደ ሾው ድራይቭ አደረገች። የላ ሲኤኔጋን መንገድ ይዘን እስክንደርስ ሬዲዮም አልከፈተች። ፓርክ አደረገችና "እኔ አልገባም" አለች። ነጠላዬን አጣጥፌ በክንዴ ይዤ ብቻዬን ገባሁ።

ሦስቱም በየቦታቸው ናቸው። አዛውንቱ ዛሬ ከራቫት የላቸውም፤ ጣታቸው በሞረዱት ብናኝ ጠቁሯል። ፊት ለፊታቸው ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም ተባባልን። ከዚያ ዝም አልኩ፤ እንዲጠይቁኝ።

አልጠየቁኝም። እኔን ላለማስቀየም ሲሉ ከዚያ ጉዳይ በቀር ሁሉንም አወሩ። ስለሚያርፈው አውሮፕላን ድምፅ፣ ዘንድሮ ስለመጣው አረንጓዴ ቀለም፣ ስለ ዝናብ አወሩ። ሽማግሌን "ተመልሳችሁ ለምኑኝ" ብሎ መለመን በየትኛው ወግ እንደሚፈቀድ አላውቅም። ብናገር ልጄን አቀለልኳት፤ ዝም ብል አጠፋኋት።

"ልጄ ውጭ መኪና ውስጥ ናት" አልኩ በመጨረሻ።

"ሰላም በልልን" አሉ አዛውንቱ በጥንቃቄ።

ሌላ ሞከርኩ። "ትምህርቷን ጨርሳለች።"

አሮጊቷ ብልቃጥ ከሚደረድሩበት ቀና አሉ። "መቼ?"

"ቆይቷል።"

"ትናንት አልጨረሰችም ብለህ ነበር።"

"ትናንት አልጨረሰችም ነበር" አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ፖስተኛው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ያ የማውቀው ሳቅ ወጣ። "ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። "ይህ ሰው ደግመን እንድንጠይቀው ነው የመጣው!"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም" አልኩ።

"አላልክም" አሉ። "እዚህ ማንም እንደዚያ አላለም።" ኮፍያቸውንም አውልቀው ተነሡ። "ተነሡ እንጂ!" አሏቸው ሁለቱን።

አዛውንቱ ማጉያቸውን አውልቀው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። አሮጊቷ ጠረጴዛውን ተደግፈው በሁለት ትንፋሽ ቆሙ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ መስማት ነውር መሰለኝና ነጠላዬን መልበስ ጀመርኩ፤ በጭንቀት ገልብጬ ለበስኩት። ብዕር ሊሸጥ የመጣ አንድ ሰው ከኋላችን ወረፋ መስሎት ቆመ።

"ትናንት የጠየቅንህን ዛሬም እንጠይቅሃለን" አሉ አዛውንቱ።

"ወገኖቹን ማን ያውቃል?" አልኩ።

"እኔ" አሉ ፖስተኛው። "ትናንትም ልነግርህ አፌን ስከፍት ነው ያቋረጥከኝ። የአያቱ ቤት እኔ ፖስታ የማድልበት መንገድ ላይ ነበር። ልጁን በዳይፐር አውቀዋለሁ። አያቱ በጋ በመጣ ቁጥር ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር፤ ትንሽ ሲያድግ እሱ ይዞልኝ ይወጣ ጀመር።"

ከዚህ የተሻለ የዘር ቆጠራ ከማን እሰማለሁ? ቢሆንም ወጉ ሁለተኛም መመለስ ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። "እናቷን ላማክር" ልል ነበር። የአሮጊቷን ጉልበት አየሁት። በቀሚሳቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ እሳቸው ግን ዓይኔን ዓይኔን ነው የሚያዩኝ።

"ተቀመጡ" አልኩ።

አልተቀመጡም። እርስ በርስ ተያዩ።

"እሺ ማለትህ ነው?" አሉ አዛውንቱ።

"ተቀመጡ አልኩ እኮ!"

መጀመሪያ የተቀመጡት አሮጊቷ ናቸው። ፖስተኛው ሳይቀመጡ ስልካቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። አዛውንቱ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ያ ጥቁር ብናኝ ነጠላዬ ላይ ቀረ። አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያሹ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"ትናንት ወንበሩን ስትስብልኝ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ ያኔውኑ ያልቅ ነበር ማለት ነው?"

አሰብኩበት። "አላውቅም" አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ አሁንም አላውቅም። የሚስቴ አባት በሕይወት ቢኖሩ እጠይቃቸው ነበር፤ ግን የትኛውን ብዬ እጀምርላቸዋለሁ?

ውጭ ስወጣ ልጄ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ታያለች። ገብቼ ተቀመጥኩ። ብዕሬን ዛሬም ሳላስሞርድ መምጣቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

"ምን አልካቸው?" አለች፣ ሳትዞር።

"ተቀመጡ አልኳቸው።"

"ኤንድ?"

"ተቀመጡ።"

"አባዬ፣ ፕሊዝ! ሶ ምን ማለት ነው?"

ስልኳ ጮኸ። የደወለው ልጁ ነው፤ ፖስተኛው ነግረውታል መሰለኝ። "ሄሎ" አለች። ከወዲያ በኩል የሚመጣው ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶም አይታወቅም። ልጄ ግንባሯን መሪው ላይ ስትደፋ ጥሩንባው ጮኸ። ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣ የሚጎትቱት ሁሉ ዞረው አዩን።

እንዲህ ባለ ጊዜ አባት ምን እንደሚል ማንም አላስተማረኝም። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት።

"ቀበቶሽን እሰሪ" አልኩ። "እናትሽ ትጠብቃለች።"